በጀልባዋ ሁለት፣ በበሩ አንድ

ቅዳሜ የካቲት 10 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ላይ፣ መርካቶ ከጫማ ተራ ጀርባ ባለችው የባህረዲን ቪዲዮ ቤት ውስጥ፣ ሰማንያ ሰው እንደ አንድ ሰው ሆኖ «እና ማን ነው የመጣው?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው የቀረበላት የባህረዲን የወንድም ልጅ ማሂራ ነበረች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አንደኛ እንጂ ሁለተኛ ወጥታ አታውቅም። ማይክ ስትጨብጥ ግን የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው። በዚያ ቤት የውጭ አገር ፊልም ሲታይ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የተቀመጠ አስተርጓሚ የሚባለውን ሁሉ በአማርኛ ይከተላል። ወንበሩ ለስድስት ዓመታት የሙደሲር ነበር። ሙደሲር ያልገባውን አይዘልም፤ ይፈጥራል። በእሱ አፍ የቻይና ቡጢኛ ከመማታቱ በፊት ስለ በርበሬ መወደድ ያማርራል፤ የሕንድ ሙሽራ አማቷን በጥሩ የአዲስ ከተማ ስድብ ታጥባለች። ማሂራ ይህን ከጥግ ሆና እየሰማች ስላደገች፣ ማይኩ አንድ ቀን እጇ ከገባ ያልተባለ ቃል በማንም አፍ ላታስገባ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የሙደሲር ጉሮሮ ተዘጋ። ቅዳሜ ጠዋት ባህረዲን ቢቸግረው «ዛሬን ሞክሪ» አላት። «ሰው ከወደደሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ያንቺ ነው። ካልወደደሽ ወደ ደብተርሽ።»

ፊልሙ አሮጌ የጃፓን የመናፍስት ፊልም ነው። ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስላለው፣ ማሂራ እሱን እያነበበች ስትተረጉም ነገሩ ሁሉ ሰመረላት። አንድ ወጣት ቀዛፊ በጭጋግ መሐል ነጭ የለበሰች ሴት ያሳፍራል። ሴቲቱ ወንዙ ውስጥ የሰመጠች ናት፤ የሌላ ሰው ገላ ካላገኘች ከውኃው አትላቀቅም። ጀልባዋ ስትነሳ ሁለት ሰው ይዛለች፤ ማዶ ስትደርስ ባዶዋን ናት። ከወንዙ እስከ ቀዛፊው ቤት ድረስ የአንድ ሰው እርጥብ ዱካ ይታያል። እናቱ በር ትከፍታለች። ደጅ የቆመውን አናይም። የምናየው የእሷን ፊት ነው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም፣ ጽሑፍም የለም። አለቀ።

ማሂራ በማይኩ «እዚህ ላይ ፊልሙ ዝም ይላል» አለች።

ሰማንያው ሰው ግን ዝም አላለም።

«ዝም ለማለትማ ቤቴስ መች አነሰኝ» አሉ በርበሬ በጅምላ የሚሸጡት እትዬ ዘኪያ፣ ከፊተኛው አግዳሚ እየተነሱ። «ይቺ ልጅ መጨረሻውን ውጣዋለች። ሽማግሌ ይቀመጥልኝ።»

«ሙደሲር ቢሆን የሞተውን ቀብሮ፣ አልቅሶ፣ እኛንም አስተዛዝኖ ነበር የሚሸኘን» አለ ከኋላ አንዱ።

መርካቶ ሲጣላ ደንብ አለው፤ ወደ ፖሊስ ከመሮጥ በፊት ሽማግሌ ይቀመጣል። አግዳሚዎቹ ፊት ለፊት ዞሩ፤ የእህል በረንዳው ነጋዴ ሐጂ ጃፋር፣ የፊልሙን እኩሌታ ተኝተው ያሳለፉ ስለሆኑ ለማንም አያዳሉም ተብለው ተመረጡ።

«ዋስ ጥሪ» አሏት። ባለጉዳይ ፍርዱን ለመቀበሉ ዋስ ሳይጠራ አንድ ቃል አይናገርም።

ማሂራ ዙሪያዋን ብታይ ዓይኗ የገባው ጫማ ነጋዴው ኃይለመለኮት ነበር። «ጋሼ ኃይለመለኮትን።»

«እኔን? ሳታማክሪኝ?» አለ፤ ቢሆንም ደስ ብሎት ተነሳ።

«ምስክርስ አለሽ?»

«የልጁ እናት። ደጅ የቆመውን ያየችው እሷ ብቻ ናት።»

«መልካም፤ ጥሪያት» አሉ ሐጂ ጃፋር ፊታቸው ሳይፈታ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«እናትየዋ ባትመጣ ዱካው አለ» አለ ኃይለመለኮት። «ሃያ ዓመት እግር ስለካ የኖርኩ ሰው ነኝ። ካሴቱን መልሱት።» ባህረዲን የቪዲዮ ማጫወቻውን ዴክ ወደ ኋላ አስኬደውና ዱካው ላይ አቆመው። ምስሉ ብርድ እንደመታው ይንቀጠቀጣል። ኃይለመለኮት ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ በቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ዘረጋ፤ አንድ ጊዜ ለካ፣ ሁለት ጊዜ ለካ፣ ከዚያም የሐኪም ፊት ይዞ ዞረ። «ቁጥር ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት የሕፃን ጫማ ነው» አሉ እትዬ ዘኪያ።

«እኔ የለካሁትን ነው የምናገረው።»

«ሕፃን ጀልባ ይቀዝፋል?»

«የለካኸው እኮ የቴሌቪዥኑን ነው» አለ ባህረዲን። «ይሄ ሃያ አንድ ኢንች ነው። ወንድሜ ቤት ባለው ሃያ ዘጠኝ ኢንች ብትለካው ልጁ ያድግ ነበር።»

ሁለት ተሸካሚዎች ትልቁን ቴሌቪዥን ለማምጣት ወዲያው ብድግ አሉ። ሐጂ ጃፋር በከዘራቸው መልሰው አስቀመጧቸው፤ የእሳቸውም ትከሻ ግን በሳቅ ይነቃነቅ ነበር። ማሂራ ራሷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። በአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርቷ ያላየችውን፣ አንድን ነገር እንዲህ በሙሉ ልቡ የሚመረምር ጉባኤ ዛሬ ማየቷ አስደነቃት፤ ስለዚህም ደፍራ ተናገረች።

«ሐጂ፣ እስቲ ይዩን። የታወቀ ነገር ቢሆን ኖሮ አሁን ሁላችንም ቤታችን ነበርን። ፊልሙን የሠራው ሰው በሩን ሆን ብሎ ገርበብ አድርጎ ነው የተወልን። እኔ በገዛ እጄ ብዘጋው ሌብነት ነው።»

«ልጄ፣ አነጋገርሽ ያምራል» አሉ ሐጂ ጃፋር። «ነገር ግን ነጋዴ ጆንያውን ከፍቶ ጤፍ ነው ገብስ ነው ሲባል፣ አንተ ገምት አይልም። ፍርዴ ይኸው ነው፤ የመጨረሻው ክፍል እንደገና ይታይ። እናትየዋ በሩን ስትከፍት የመጣውን በማይክ ተናገሪ። ካልተናገርሽ ማይኩ ለሙደሲር ይመለስ። ከሳሿ ካልተወችሽ በቀር ይግባኝ የለም።»

መብራቱ ጠፋ፤ ካሴቱ እንደገና ጀመረ። ጭጋጉ መጣ፣ ጀልባዋ መጣች፤ ሰማንያው ሰው ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ «ልጁ ነው»፣ ግማሹ «እሷ ናት» እያለ ይጎነታተላል። ማሂራ ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። አንድ ቃል ብትል ቅዳሜዎቿ ሁሉ የእሷ ናቸው፤ ያ ቃል ግን የራሷ ፈጠራ ነው።

በዚህ መሐል እትዬ ዘኪያ በጨለማው ጎንበስ ብለው መጥተው ከወንበሯ ሥር ተቀመጡ። ማይኩን በእጃቸው ከደኑት።

«ስሚኝማ» አሉ፤ ያ ጯሂ ድምፃቸው አብሯቸው አልነበረም። «ልጄ አሚሬ ዱባይ ለአርባ ቀን ብሎ ከሄደ ዓመት ሞላው።»

«ይደውላል ይባል የለ፣ እትዬ?»

«ይደውላል። ድምፁ የራሱ ነው። ወሬው ግን የሱ አይመስለኝም፤ እንደ እንግዳ ያናግረኛል። በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ ይለኛል።» ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። «ይሄን ፊልም በዚህ ሳምንት ሙደሲር ሲያሳይ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። እሱ የሰመጠችው ናት የመጣችው ብሎ ገላገለን። አላመንኩትም። አንቺ ግን ውሸት አታውቂም አሉኝ።»

ማሂራ ቀና አለች። በቴሌቪዥኑ ላይ እርጥቡ ዱካ ደጁ ጋ ደርሶ ነበር።

«ክሴን አነሳለሁ» አሉ እትዬ ዘኪያ። «ማይኩም ያንቺ ይሁን፤ ሕዝቡንም ዝም በይው። ሐጂም አይስሙ። ለእኔ ብቻ፣ በጆሮዬ፤ ልጇ ነው በይኝ።»

በሩ መከፈት ጀመረ።

«በይኛ፣ ልጄ።»