ልጅ አይቆጠርም

እንዳለ ቤት ሊፈልግ ወደ አዲስ አበባ ሲነሳ ሚስቱ ሠርክአዲስ አደራ ያለችው አንድ ነገር ነበር። ቤቱ ቢጠብም ግድ የለም፣ ሰፈሩን አይቶ እንዲመርጥ፤ ልጅ የሚያድገው በሰፈር ነውና። ጦርነቱ ሐይቅ ከተማ የነበረችውን የእንጨት ሥራ ቤቱን ባዶ ካስቀራት ወዲህ እንጀራ የተገኘው አዲስ አበባ ነው፤ ትምህርት ሳይከፈት ቤተሰቡን ጠቅልሎ ሊገባ አስቧል።

የአገሩ ልጅ ወልዴ ሁለት ሰፈር አሳየው። አንደኛው ከከተማው ዳር ነው፤ ግቢው ከወሎ በመጣ ሰው የተሞላ፣ ልጅ እንደ ጫጩት የሚርመሰመስበት። ግን ከበሩ ፊት ለፊት ድንጋይ የጫነ መኪና እያጓራ ያልፋል፤ ትምህርት ቤቱም ሩቅ ነው። ሁለተኛው ሰሚት ነው። ከኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ልጆች የሚቦርቁበት ንጹሕ ሜዳ አለ፤ ትምህርት ቤቱ እዚያው አጠገብ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ከመንገዱ ማዶ ነው። እንዳለ ሜዳውን ሲያይ ልቡ እዚያው ቀረ።

አከራይዋ ወይዘሮ ሙሉአለም ፊታቸው ደግ ነው። ቁልፉን በእጃቸው እያገላበጡ ስንት ልጅ እንዳለው ጠየቁት። የፊተኞቹ ተከራዮች ልጆች ግድግዳውንም ጎረቤቱንም ስላስመረሩባቸው፣ ከአንድ ልጅ በላይ ላለው ሰው ላያከራዩ ምለዋል።

"አንድ ነው ያለኝ" አለ እንዳለ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አይመለስም። ወልዴ አቀርቅሮ ጫማውን አየ።

ልጆቹ ሦስት ናቸው። ዘንድሮ ትምህርት የሚጀምረው ቅዱስ፣ ነገር የማያመልጣት ኑኃሚን፣ ገና ድክ ድክ የምትለው ትሁን። እንዳለ በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ለራሱ ሰበብ አበጀ። በእነሱ አገር በአምባሰል ልጅ አይቆጠርም፤ የቆጠሩት ልጅ ዐይን ይበላዋል ይባላል። ስንት ልጅ አለሽ የተባለች እናት "እግዜር የሰጠኝን ያህል" ብላ ታልፋለች። እሱስ ከሰው ዐይን ሰወራቸው እንጂ ምን አደረገ? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ያሉት ግን ለእሱ አልሠራም። ጣርማበር ላይ ውሸቷ ከበደችው፤ ሐይቅ ሲወርድ ሻንጣውን ለባጃጁ ሰጥቶ እሷን ራሱ ተሸክሟት ገባ።

ቤት ደርሶ ስለ ሜዳው አወራላቸው። ኑኃሚን ሜዳው ላይ ገመድ መዝለል ይቻል እንደሆነ ጠየቀችው። ይቻላል አላት፣ ዐይኗን ሳያይ። ቆይቶ ለሠርክአዲስ፣ ከተማውን እስኪለምዱት ሴቶቹ ልጆች እናቱ ዘንድ አምባሰል ቢቆዩ ምን ይመስልሻል አላት። ትሁን ገና ጡት አልጣለችም ብላ ዝም አለች። እሱም ዝምታዋን መስማማት አደረገው፤ ሰው የሚጠቅመውን ነገር ብቻ ሲሰማ እንዲህ ነው።

በማግስቱ ደጅ ላይ ቁም ሣጥኑን ሲፈታታ ስልኩ ጠራ። እጁ ስላልተመቸው ሠርክአዲስ አነሳችው። አሮጌ ስልክ ነው፤ ድምፅ ማጉያው ካልተከፈተ አይሰማም፤ ልጆቹም አጠገቧ ነበሩ። ወይዘሮ ሙሉአለም ናቸው። የገዛ ልጃቸው ያደገባት ትንሽ ብስክሌት አለች፤ ቀለም አስቀብተው ለእንዳለ አንድዬ ልጅ ሊሰጡት ነውና ወንድ ነው ወይስ ሴት ሲሉ ጠየቁ።

ሠርክአዲስ ባሏን አየችው። እንዳለ መዶሻውን እንደያዘ ቀረ።

"ወንድ ነው፣ እትዬ" አለች።

አመስግና ዘጋችው። ኑኃሚን ቀና ብላ እናቷን አየች። ሠርክአዲስ ውሸት የማታውቅ ሴት ነበረች፤ ባሏን ከውርደት ልታወጣ ብላ በልጆቿ ፊት ዋሸች። እንዳለን የገደለው ይኸው ነው።

ልጆቹን ወደ ጎረቤት ሰድዳ ተመለሰች። እንዳለ፣ ልጅ አይቆጠርም ብዬ እኮ ነው ብሎ ጀመረ።

"አልቆጠርህም እንዴ? ቆጥረህማ ነው ሁለቱን የቀነስህ" አለችው። "ረቢያ በሯ ላይ ስንት ናችሁ ብላን ነበር?"

ረቢያን የሚረሳ ልብ የለውም። ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ በእግራቸው ሸሽተው፣ ከኮምቦልቻ ወዲያ ቃሉ ገጠር ውስጥ የማያውቋት ሴት ደጅ ቆሙ፤ ትሁን ያኔ በእናቷ ሆድ ነበረች። የረቢያ ልጆች በአንድ ቁርበት ላይ ተጋፍተው ተኝተዋል። "ግቡ፣ እንግዳ የአላህ ነው" ብላ ኑኃሚንን ከእንዳለ ጀርባ አወረደቻትና ከልጆቿ መካከል አስተኛቻት። እስኪሄዱም ድረስ ስንት እንደሆኑ አልጠየቀችም። ልጅ አይቆጠርም ማለት ያ ነበር። እንዳለ ጆሮው እስኪግል አፈረ።

ወዲያው ደወለ። ሦስት መሆናቸውን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ።

"ብስክሌቷን ለሌላ እሰጣለሁ" አሉ ወይዘሮ ሙሉአለም።

"ቤቱንስ?"

"ቤቱንም።"

ወልዴ ዳር ባለው ሰፈር ቤት ያዘላቸው። የትኛውም ልጅ እንደማይቀር ለልጆቹ ተነገራቸው፤ ለምን ሊቀሩ እንደነበር፣ የሰሚቱ ቤትም ለምን እንደቀረ ግን አልተነገራቸውም።

የጉዞው ዕለት መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ ዕቃቸውን ጣሪያው ላይ ጭኖ ወረደና ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ጠየቀ። እንዳለ ሳይመልስ ኑኃሚን ቀደመችው። የትሁንን እጅ ይዛለች።

"አንድ ነው ያላቸው። እኛ ጎረቤት ነን" አለች።

ልታሳጣው ብላ አልነበረም፤ አባቷን ልትረዳው ነው። እንዲህ ሲባል ቤት ይገኛል ብላ ከወላጆቿ ተምራለች። ረዳቱ ሳቀ። ሠርክአዲስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

እንዳለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እናቱ ብትሰማ የምትረግመውን አደረገ። እጁን በየራሳቸው ላይ እያሳረፈ ጮክ ብሎ ቆጠራቸው።

"አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስቱም የእኔ ናቸው።"

ኑኃሚን ደንግጣ ግራ ቀኙን አየች፤ ከዚያ ኮቱን ይዛ ወደ ታች ጎተተችው።

"ዝም በል፣ አባየ" አለችው በሹክሹክታ፤ "ቤቱን ይከለክሉናል።"