ለሦስት ግማሽ ጉዳይ

የልጅ ልጄን ፌንጣ ነው የምላት። ከተወለደች ጀምሮ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አልሆነላትም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ጀርመንኛ ትማራለች። ጀማሪ ናት፣ ከጀማሪም ትንሽ ፈቅ ያለች፤ ዳቦ መግዛት፣ መንገድ መጠየቅ፣ ቀጠሮ መያዝ አያቅታትም። የዚያን ቀን የቃል ፈተና ነበረባት። ያለፈ ለስድስት ወር እዚያው ጀርመኖቹ አገር ሄዶ ይማራል፣ የወደቀ ቀረ፤ ድጋሚ የሚባል ነገር የለም። እናቷም ለሥራ ከአገር ስትወጣ ሁለት ዓመት ነው ያለችኝ። ይኸው አሥራ አንድ ሆናት። ስለዚህ ስድስት ወር ሲሉኝ እኔ ዓመት እቆጥራለሁ።

ፈተናው ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ለሰባት አሥር ጉዳይ ሲሆን እኔ የጉርድ ቀሚሷን ጠርዝ በስፒል አያይዤ በስፌት መኪናዬ መስፋት ጀምሬ፣ እሷ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ፣ ስልኳ ጮኸ። አስተማሪዋ ናት፣ የድምፅ መልእክት። ሴትዮዋ ቀጠሮ ስትቀይር እንኳ በጀርመንኛ ካልሆነ አትናገርም። ከዚያ ሁሉ ውስጥ እኔ የለየሁት ሁለት ቃል ነው፤ «ሃልፕ ድራይ»።

«እምዬ!» አለች ጫማዋን ወርውራ፣ «ተገፋልኝ! ድራይ ሦስት፣ ሃልፕ ግማሽ። ሦስት ተኩል። በእኛ ዘጠኝ ተኩል ማለት ነው! እንዲያማ ከሆነ ጸጉሬን እታጠባለሁ።»

መኪናዬን መርገጥ አቆምኩ።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ነው የደረስኩት፤ ጀርመንኛ አላውቅም። ግን ባለፈው ሳምንት ሰዓት ስታጠና ከጫማ ካርቶን ሰዓት የቆረጥኩላት እኔ ነኝ። ወረቀቷ ላይ ስዕል ነበረ፤ ትንሿ ዘንግ በሁለትና በሦስት መሀል፣ ትልቋ ስድስት ላይ፣ ከሥሩ «ሃልፕ ድራይ» ተብሎ። እነዚህ ሰዎች ያለፈውን ሰዓት ትተው የሚመጣውን ነው የሚጠሩት። እኛ ለሦስት ሩብ ጉዳይ እንደምንለው እነሱ ለሦስት ግማሽ ጉዳይ ይላሉ፣ ብዬ በልቤ ያዝኩት። ለእሷም ነግሬያት ስቃብኛለች።

ስለዚህ ፈተናው በእነሱ ሁለት ተኩል፣ በእኛ ስምንት ተኩል ነው። የተገፋው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው።

ንገሪያት እንጂ አንቺ ሴትዮ፣ አልኩ ለራሴ። ግን ጎንበስ ብዬ ጠርዙን መልሼ ማጠፍ ያዝኩ። ከመታጠቢያ ቤቱ ውሃው ይፈሳል፣ ታንጎራጉራለች። እኔ ምን አደረግኩ? ማንም ምንም አላደረገም። ራሷ ናት የተሳሳተችው። እዚሁ ትቀራለች፣ ዲግሪዋን እዚሁ ትይዛለች፣ ማታ ማታ በሩን ስትከፍት እሰማለሁ። ደግሞ ምግብ መብላት የምትረሳ ልጅ! በዚያ ብርድ ማን ሻርፕ አድርጊ ይላታል?

አውቶቡሱ አርባ ደቂቃ ይወስዳል። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ድረስ ከወጣች ትደርሳለች። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ተኩል አለ። ክሩን መርፌው ውስጥ ሦስት ጊዜ ሳትኩት።

ፎጣ ጠምጥማ ወጣችና ከፊቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«በይ፣ አንቺ ፈታኟ ነሽ። ፊትሽን ኮስተር አድርጊ። ኧረ ይኼን ያህል አይደለም፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?»

«እሺ፣ ተናገሪ።»

ስለ ቀን ውሎዋ የጻፈችውን በጀርመንኛ ወረደችው። እንዲገባኝ ብላ ደግሞ ትተረጉምልኛለች። «በጠዋት እነሳለሁ። ቁርስ እበላለሁ።»

«ውሸት ነው።»

«ፈተና ነዋ! ዝም በይ። የምትቀሰቅሰኝ አያቴ ናት። ስለዚህ ረፍዶብኝ አያውቅም።»

ለስምንት ሰባት ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

«ለሦስት ግማሽ ጉዳይ ነው» አልኩ።

«ምኑ?»

«ሃልፑ። ስምንት ተኩል ነው ፈተናሽ። ተነሺ!»

«እምዬ ደግሞ፣ አንቺ ብሎ ጀርመን!» ብላ ሳቀች። ካርቶኑን ከመደርደሪያው አውርጄ ዘንጎቹን አዙሬ አፍንጫዋ ሥር ደቀንኩት። አየችው። መልእክቱን እንደገና ከፈተች። ከንፈሯ ነጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ሩጫ ነው። ስፒል ያለበትን ጉርድ እንዳለ አጠለቀች፣ ወጋት፣ ጮኸች፣ ጸጉሯ ውሃ እየጣለ ደረጃውን በሁለት በሁለት ወረደች። ሻርፑን በመስኮት ወረወርኩላት፤ ዞር ብላም አላየችው።

ያን ከሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ትደርስ ብዬ እለምናለሁ፣ ለመንኩ ብዬ አለቅሳለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻርፑን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ገባች። ስትመለስ ከአጥሩ ላይ አንስታው ነው።

«ስድስት ደቂቃ ዘገየሁ» አለች። «ፈታኟ ለምን ዘገዩ አለችኝ። ሃልፕን ተሳሳትኩ፣ አያቴ ናት ያረመችኝ አልኩ፣ በጀርመንኛ። ሳቀች። ከዚያ ስለ አንቺ ብቻ ስትጠይቀኝ ቆየች።»

«እና?»

«አለፍኩ።»

ልስማት ስነሳ እጇን ዘርግታ አስቆመችኝ።

«መቼ ነው የገባሽ?»

እየተለማመድሽ ሳለ ትዝ አለኝ ማለት እችል ነበር። ታምነኝ ነበር።

«አስተማሪሽ እንደተናገረች» አልኩ።

ጉርዷን አወለቀች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ስፒሎቹን አንድ በአንድ እየነቀለች ጣሳው ውስጥ ጣለች፤ ኳ፣ ኳ ይላሉ። ቀና አላለችም።

«ሁለተኛ...» አለችና ተወችው። ጉርዱን መኪናዬ ላይ አኖረችልኝ። «ጨርሺልኝ። ይዤው ነው የምሄደው።»

«ወፍራም ገበር ላድርግበት?»

«አድርጊበት» አለች፣ አሁንም ሳታየኝ።