ቀጭኑ የጣላት ዱላ

በጋው ገብቶ የሰፈሩ መስኮቶች ሲከፈቱ ያ ዘፈንም አብሮ ይወጣል። ከፀጉር ቤቱ፣ ከጋራዡ፣ ተሳፋሪ ከሚጠብቁት ሚኒባሶች። ሁለተኛው ስንኝ ሲያልቅ ሙዚቃው በሙሉ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ የሰማ ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ ሦስት ጊዜ ያጨበጭባል፤ ከዚያ ዘፈኑ እንደገና ይነሳል። ገና አፋቸውን ያልፈቱ ሕፃናት እንኳ ቦታውን አይስቱትም።

የማያጨበጭበው ወንበር ጠጋኙ ብቻ ነበር። ዘፈኑ እዚያ ሲደርስ መዶሻውን ያስቀምጥና ሚስማር የሚፈልግ ይመስላል፤ አፉ ሚስማር ሞልቶት እያለ።

ወንበር ጠጋኙን የሚያውቁት ሁሉ «ቀጭኑ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት በጎረምሳነቱ ነው። ዛሬ ደንበኛ ሲመጣ ቀድሞ የሚቀበለው ሆዱ ቢሆንም ስሙ አብሮት አልወፈረም።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ድራም መቺ ነበር፤ ያ ዘፈን ሲቀዳም ድራሙ ላይ የተቀመጠው እሱ ነው። ቀኑ ሐሩር፣ ክፍሏ ጠባብ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቷ በብርድ ልብስ የታፈነ። የቀራቸው ቴፕ ለአንድ ዘፈን ብቻ የሚበቃ ስለነበር ዘፋኙ እንዳይሳሳቱ አደራ ብሏቸዋል። ሁለተኛው ስንኝ እንዳለቀ በላብ የራሰች የድራም ዱላ ከቀጭኑ እጅ ሾልካ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ሌሎቹም ደንግጠው አቆሙ። እሱ ጎንበስ ብሎ ሲዳብስ ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ዱላዋ ተገኘች፤ ቀጠሉ።

ሲጨርሱ ዘፋኙ ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ቀጭኑን የበላው ያ ዝምታ ነው። ሳያባርሩኝ ልሂድ ብሎ በሳምንቱ ከባንዱ ቀረ፤ መዶሻ ጨበጠ። ዘፋኙ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮበት ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ የለም አስባለ። ባለፈው በጋ ዘፋኙ ሲሞት ለቀብሩ ሄዶ ከሕዝቡ ኋላ ቆሞ ተመለሰ።

ዘንድሮ ለአንደኛ ዓመት መታሰቢያው በሕይወት የቀሩት የባንዱ አባላት ቅዳሜ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ግቢ ሊጫወቱ ተስማሙ። ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ መጥቶ ድራሙ ያንተ ነው ሲለው ቀጭኑ እጁን እንደሚያመው ነገረው። አጠገቡ ፀጉር ቤት ያላት ልጁ ይህን ሰምታ ዝም አላለችም።

«እጅህን ካመመህ መዶሻውን ማን ነው ሲያስጮኸው የሚውለው፣ አባዬ?» አለችው።

ምን ይበላት? ትናንት በሬዲዮ አንድ የሙዚቃ አዋቂ በዘፈኑ መሀል ያለችውን ያቺን ዝምታ የሊቅ ፈጠራ እያለ ሲያደንቅ ውሏል። ቅዳሜ እዚያ ተቀምጦ ውዳሴውን ዝም ብሎ ቢሰማ ውሸታም ሊሆን ነው። እውነቱን ቢናገር ደግሞ ከሟቹ ላይ ክብር መግፈፍ ነው። ቢቀር ይሻላል።

ሐሙስ ጠዋት የዘፋኙ ባለቤት መቀመጫው የተቀደደ ወንበር አስይዛ መጣች። ባሏ ይቀመጥበት የነበረ ነው፤ ቅዳሜ መድረኩ ላይ ባዶውን እንዲቆም ትፈልጋለች። ቀጭኑ አሮጌውን ቆዳ ገፈፈ፣ ስፖንጁን ለወጠ፣ አዲሱን ወጥሮ ሚስማር መምታት ጀመረ። ሦስተኛው ሚስማር ላይ እጁ ቆመ።

«እትዬ፣ ያቺ የዘፈኑ ዝምታ የእሱ ብልሃት አይደለችም» አለ ቀና ሳይል። «እኔ ዱላ ጥዬ ነው።»

ሴትዮዋ ትንሽ አየችውና ሳቅ አመለጣት። ስትስቅ ቆይታ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጠፋኸው ለዚህ ነው?»

እንደነገረችው፣ ያን ቀን ባሏ በሩጫ ነበር ቤት የገባው። በላዩ ላይ እንደገና እንቅዳ እንዳይሉት ቴፑን ኮቱ ሥር ደብቆ ነው ሹልክ ያለው። እስኪነጋጋ ያቺን ቦታ ብቻ እየመለሰ አሰማት። ሰው የላከበትም በሌላ አይደለም፤ መድረክም ላይ ዱላዋን ጣልልኝ ሊለው ኖሯል። ካጣው በኋላ የመጡትን ድራም መቺዎች በሙሉ እዚያ ቦታ ላይ ዱላ መጣል አስተማራቸው።

ከቦርሳዋ ብዙ ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጉልበቱ ላይ አኖረችለት። የዘፋኙ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ ለባንዱ የዘፈኑን ቅደም ተከተል የጻፈበት። «ሁለተኛ ስንኝ» ይላል፤ ከሥሩ «ቀጭኑ»፤ ከሥሩ «አዝማች»።

«አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር ቀጭኑ ማነው ብሎ ይጠይቃል» አለች። «ባሌም ‹ይመጣል፣ ቦታውን ጠብቁለት› ይላቸው ነበር።»

ቀጭኑ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ የቀሩትን ሚስማሮች መታ፤ ሲመታ ግን ምቱ የዘፈኑ ነበር።

ቅዳሜ ግቢው ጢም አለ። ቀጭኑ ከሚወጥረው ቆዳ ቆርጦ፣ እንዳያዳልጡት የዱላዎቹን እጀታ ጠቅልሎ ነበር የመጣው። እጁ ምንም አልረሳም፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹም በደስታ ጥርሱን አሳየው። ሁለተኛው ስንኝ አለቀ፤ ሁሉም ቀጥ አሉ። ዱላዋን ሊጥል ሲል ግን ጣቶቹ እምቢ አሉት። ይህን ሁሉ ዘመን አጥብቆ ሲይዝ ኖሮ አሁን ልቀቅ ሲባል አልለቅ አሉ። ሰዉ አጨበጨበ፤ አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው ላይ ዱላዋ ወደቀችና ተንከባልላ ባዶው ወንበር እግር ሥር ቆመች።

«ዘገየህ» አለው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ በሹክሹክታ።

ቀጭኑ ሆዱን ከድራሞቹ መሀል እየጎተተ ተነሳ። ባንዱ ጠበቀው፤ ሕዝቡም ሳቅ እያለ ማጨብጨቡን አላቋረጠም። ወንበሩ ዘንድ ደርሶ በአንድ እጁ መቀመጫውን ተደግፎ ዱላዋን አነሳ። አነሳና ብብቱ ሥር ሸጎጣት። ከዚያ ወደ ወንበሩ ዞሮ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ፤ ሳይቸኩልም ወደ ቦታው ተመለሰ።