የግራው ክንፍ

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ መካኒክ አውሮፕላን ሊሠራ መሆኑን ሲናገር፣ አስተማሪዋ ሚስቱ ከምታርመው ደብተር ቀና ሳትል፣ «ሳሎን ውስጥ ብቻ እንዳይሆን» አለችው።

አውሮፕላኗ ተበታትና በሦስት ትልልቅ ሳጥኖች መጣች። ለመነሣትም ሆነ ለማረፍ የአንድ ኳስ ሜዳ ርዝመት የሚበቃት፣ ክንፈ ወፍራም፣ ባለ ሁለት ወንበር ነበረች። መካኒኩ ጓሮ ካለው ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ከእሷ ጋር ተፋጠጠ። የአካሏን ቆርቆሮ የሚያያይዘውን ሪቬት ሲመታ ከወዲያ በኩል ብረት የሚደግፍለት ሰው ስላስፈለገው፣ ሚስቱ ከሥራ መልስ እያጉረመረመች ትይዝለት ጀመር። በሁለተኛው ዓመት ማጉረምረሙን ተወችው። በሦስተኛው መምቻውን ከእጁ ወሰደችና፣ «አንተ ደግፍ፤ እጅህ ይንቀጠቀጣል» አለችው። እውነቷን ነበር። የግራውን ክንፍ ከሞላ ጎደል እሷ ጨረሰችው።

የአቪዬሽን መርማሪ መጥቶ አውሮፕላኗን አንድ በአንድ አይቶ ፈረመላቸው። የቀረው የመካኒኩ የማብረር ፈቃድ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ሐኪም ፊት መቅረብ ግድ ነው።

«ልብዎ አንዳንዴ ምቱን ይስታል» አለችው ሐኪሟ። «አውሮፕላን እንዲያበርሩ መፍቀድ አልችልም።»

ሦስት ሳምንት ጋራዡን ዘግቶ ከረመ። ከዚያ የሽያጭ ማስታወቂያ ጻፈና እንድታርምለት ለሚስቱ ሰጣት። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

«ግማሹን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ድርሻዬን አልሸጥም።»

«ታዲያ ማን ሊያበርራት ነው?»

«እማራለኋ።»

«መሰላል ላይ ስትወጪ እንኳ ጉልበትሽ ይከዳሻል እኮ።»

«መሰላል ሞተር የለውም።»

ስምንት ወር ተማረች። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። አዲሷን አውሮፕላን መጀመሪያ አሰልጣኟ ለሳምንታት እያበረረ ሞከራትና፣ ከዚያ ለእሷ ለቀቀላት።

ሚስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ያበረረቻት ነፋስ ባልነበረበት ጠዋት ነው። መካኒኩ የመንደርደሪያው ሜዳ ዳር ቆሞ ለሞተሩ ድምፅ ጆሮውን ጣለ፤ የሚነቅፈው ነገር አላገኘም። አውሮፕላኗ ሣሩ ላይ ትንሽ ተንገጫገጨችና፣ ገና መንደርደር ጀመረች ሲል ከመሬት ለቀቀች። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር የመጣው። የተሰማው ግን ቅናት ነው። ምን እንደሚያደርግ ቢጨንቀው የጎማዎቹን ዱካ ተከትሎ በእርምጃ ለካ። ሰባ ሁለት ሲል ዱካው ጠፋ።

አንዴ ነጥራ አረፈች። ሚስቱ በሩን ከፍታ፣ «ወደ ቀኝ ትጎትታለች» አለችው።

ምን ያህል እንደምትጎትት ጠየቃት፤ በእጇ እያሳየች አስረዳችው። መፍቻውን አመጣና እስከ እኩለ ቀን የአውሮፕላኗን ጭራ ሲያስተካክል ቆየ። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ደግማ ወጣች፤ ስትመለስ «ቀጥ ብላለች» አለች።

አውሮፕላኗን ሸራ ሲያለብሱ፣ «ጠዋት ቀንቼብሽ ነበር» አላት።

«አይቼሃለሁ።»

«ከዚያ ላይ ፊት አይታይም።»

«አቋቋም ይታያል» አለችና የሸራውን ጫፍ አቀበለችው።