የረታ ቤት እንዳያልቅ

ሰው ሁሉ ቤቱ እንዲያልቅለት ይጸልያል። ረታ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቤቱ እንዳያልቅ ሲታገል ኖረ፤ ይህን ደግሞ ከራሱና ከፈጣሪው በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ጥፋቱ የምላሱ ነው። እንጂማ ረታ ደህና ሰው ነው። ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር የጨርቅ ሱቅና አንድ መኪና አለው፣ ፓርክላንድስ ያረጀ ቤት ገዝቶ እያደሰ ነበር፣ ሚስቱንና ልጁን ይወዳል። ጉዱ የመጣው በዑራኤል ንግሥ ዕለት ነው። ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ጠበል ጠዲቁን ቀምሶ፣ ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ማሟያ ቃል ማስገባት ተጀመረ። በኪራይ የመጣው ማይክሮፎን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ይድነቃቸው እጅ ገባ። ይድነቃቸው ከረታ ፊት ለፊት ያለው ባለ ሱቅ ነው፤ ሁለቱ አሥራ አንድ ዓመት ደንበኛ ሲነጣጠቁ የኖሩ ናቸው።

«ልጄ ስትመረቅ፣ የድምፅ ማጉያውን ሙሉ በሙሉ እኔ እችላለሁ!» አለ ይድነቃቸው።

እልልታው ቀለጠ። የረታ ደም ፈላ። ማይክሮፎኑን ከሰውዬው እጅ ላይ ፈልቅቆ ወሰደና፣ ምን እንደሚል ገና ሳያስበው፣ «እኔ ደግሞ ቤቴ ተሠርቶ ሲያልቅ የቤተ ክርስቲያኑን ምንጣፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ብቻዬን! ስእለቴ ነው!» አለ።

የሱ እልልታ ከይድነቃቸው በለጠ። ኮሚቴውም ምንጣፍ የሚለውን ከዝርዝሩ ላይ እዚያው ሰረዘው። ረታ ያን እሑድ ደረቱን ነፍቶ ዋለ። ማክሰኞ ዕለት ዋጋ ሊጠይቅ ምንጣፍ ቤት ሄደ፤ መቶ ሃያ ካሬ ነው ሲለው ሻጩ ሮጦ ወንበር አመጣለት። ዋጋውን ሲሰማ ወንበሩ ለምን እንደመጣ ገባው። የሱቁ የስምንት ወር ኪራይ ነበር።

ያን ጊዜ ቤቱ ሊያልቅ የቀረው የሦስት ሳምንት ሥራ ነው። ረታ ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ሊነጋጋ ሲል አንድ ነገር በራለት። ስእለቱ «ቤቴ ሲያልቅ» ነው የሚለው። ካላለቀስ? ካላለቀ አልደረሰም። ስእለቱ ሳይደርስ የሚከፍል ሰው ደግሞ የት አገር አለ? ስእለት በላ የሚለውም የለም፣ ዑራኤልም አይቀየመውም፣ ይድነቃቸውም አይስቅበትም። ረታ ይህችን ብልሃት ይዞ እንደ ሕፃን እንቅልፍ ወሰደው።

ሙቱዋ የሚባል ግንበኛ አለው፤ ናይሮቢ ሰው ግንበኛውንም፣ አናጺውንም፣ ቧንቧ ሠሪውንም ፉንዲ ነው የሚለው፣ ሙቱዋም ሁሉም ነው። «ቦስ፣ ሌላ ምን ቀረ?» ይላል ሥራ በጨረሰ ቁጥር። ረታም የሚቀር ነገር አጥቶ አያውቅም። የመታጠቢያ ቤቱ ሰማያዊ ሴራሚክ ተነቅሎ ነጭ ሆነ። ነጩ ዓይን ይወጋል ተብሎ ክሬም ተተካ። የውሃ ታንከሩ ከጣራው ግራ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ከርሞ ተመልሶ ወደ ግራ መጣ። «ሀኩና ሺዳ፣ ቦስ» ይላል ሙቱዋ፣ ችግር የለም፤ የሱ ልጆችም እኮ ይበላሉ።

ችግሩ የነበረው ጥሩወርቅ ላይ ነው። የረታ ሚስት ጥሩወርቅ ዌስትላንድስ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ናት። የሰውን ሒሳብ በሳንቲም ታስማማለች፤ የራሷ ቤት ሲሆን ግን ዓይኗ እያየ ነገሩ ይበተንባታል። የጋዝ መግዣው ሲሚንቶ ሆነ። የመብራቱ ሴራሚክ ሆነ። የልጃቸው የማዕዶት የትምህርት ቤት ክፍያ ግማሹ ጂፕሰም ሆኖ ኮርኒስ ላይ ተለጠፈ። ጥሩወርቅ ከዕቁቡ ታነሳና ጋዙ ላይ ትደፍናለች፣ ከጋዙ ታነሳና ክፍያው ላይ ትደፍናለች፣ ዞራ ስታይ ዕቁቡ ባዶ ነው። ሁሉንም ያደረገችው ደግሞ በረንዳ ላይ ምግብ እየሠራች ነው፤ ኩሽናው ሁለት ዓመት ሙሉ ፈርሶ ነበርና። ዝናብ ሲመጣ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በአንድ እጇ ማማሰያ።

«ማሚ፣» አለች ማዕዶት አንድ ቀን ሶፋው ላይ ተንጋላ ኮርኒሱን እያየች፣ «ያ ጥግ ላይ ያለው አበባ የኔ ስዊሚንግ ፊ ነው አይደል?»

ረታ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጋዜጣውን ገለጠ።

እሑድ እሑድ ደግሞ ቀሲስ ትንሳኤ አሉ። መስቀል ሲያሳልሙት ሁልጊዜ «ረታ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» ይሉታል። እሱም «ትንሽ ይቀረዋል፣ ቀሲስ» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ትንሽ ይቀረዋል።

በሐምሌ መጀመሪያ ጥሩወርቅ ከሥራ ስትመጣ ብርድና ዝናብ ነበር፤ በረንዳው ላይ የተወችው ሽንኩርት ጎርፍ ወስዶት ጠበቃት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ረታ ፊት ቆመች።

«ስማኝ» አለች፤ አልጮኸችም፣ እሱ ነው ያስፈራው። «ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት ኩሽናዬ ካላለቀ ማዕዶትን ይዤ ኢስትሊ ቤት እከራያለሁ። አንተ ከሙቱዋ ጋር ኑር።»

«ጥሩዬ፣ እኔ እኮ አንቺ እንዲያምርልሽ ብዬ...»

«እንዲያምርልኝ አልፈልግም። እንዲያልቅልኝ ነው የምፈልገው።»

ረታ እዚህ ላይ ነገር ዓለሙ ዞረበት። ቤቱ ካለቀ ምንጣፉ መጣ፤ ቤቱ ካላለቀ ጥሩወርቅ ሄደች። ምንጣፉን የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፣ አልችልም ብሎ ይድነቃቸው ፊት ከሚቆም ደግሞ ሞቱን ይመርጣል። ያለ ጥሩወርቅ ግን ካልሲው የት እንዳለ እንኳ አያውቅም። ምርጫ አልነበረውም፣ ሙቱዋን «ጨርስ» አለው። ሙቱዋም ጉድ ነው፣ ለካ ሲፈልግ ይሠራል። በሦስት ሳምንት ኩሽናው ተለሰነ፣ ሴራሚኩ ተለጠፈ፣ መስኮቱ ገባ። የቀረው በሩ ብቻ ሆነ።

ያን ጊዜ ረታ ፈራ። ለሙቱዋ ትንሽ ገንዘብ በኤምፔሳ ላከና ደወለለት፤ መስኮቱ ወደ ግራ ይሂድ፣ ብርሃን አይገባም፣ ግድግዳውን ነገ አፍርሰው። ለማማ ማዕዶት፣ ለማዕዶት እናት፣ ግን አትንገራት።

ሙቱዋ በማግስቱ መጣ። መዶሻውን ይዞ ግድግዳው ፊት ቆመ። ያቺን መስኮት በሁለት ዓመት ውስጥ በገዛ እጁ ሦስት ጊዜ አንቀሳቅሷታል። አንድ ግንበኛ የገዛ ሥራውን ስንት ጊዜ ያፈርሳል? መዶሻውን መሬት አስቀመጠና ወደ ሥራ ልትወጣ የምትጣደፈውን ጥሩወርቅን በስዋሂሊ ጠራት።

«ማማ ማዕዶት፣ ባልሽን አነጋግሪው። ጥሩ መስኮት ነው። ገንዘቡን እመልስለታለሁ፣ እኔ ይሄን ግድግዳ ከእንግዲህ አልነካም። እግዚአብሔርም አይወደውም።»

ጥሩወርቅ ያን ቀን ሥራ አልሄደችም። ሱቅ ሄደች። ረታ ለደንበኛ ጨርቅ እየለካ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ሜትሩ ከእጁ ወደቀ።

«የት ነው ያስቀመጥካት?» አለችው።

«ማንን?»

«ቤቴ ሲያልቅ አገባሻለሁ እያልክ የምታስጠብቃትን ሴት።»

«ኧረ በዑራኤል!» አለ ረታ፣ ዑራኤልን በመጥራቱ ደግሞ የባሰ ደነገጠ። «ሴት የለችም! ምንጣፍ ነው! ምንጣፍ!» ብሎ ሁሉንም ዘረገፈው፤ የምታውቀውን ማይክሮፎንና እልልታ፣ የማታውቀውን ወንበር፣ የመቶ ሃያ ካሬውን ዋጋ።

ጥሩወርቅ ጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ስልኳን አውጥታ መደመር ጀመረች፤ ሰማያዊውን፣ ነጩን፣ ክሬሙን፣ ታንከሩ የሄደበትን፣ ታንከሩ የተመለሰበትን። ስትጨርስ ስልኩን አዙራ አሳየችው። ሁለት ምንጣፍ ይገዛል፣ ከነማንጠፊያው። ረታ ይህን ሒሳብ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴም ደፍሮ ሠርቶት አያውቅም።

«ሁለት ዓመት በረንዳ ላይ ዝናብ ደበደበኝ» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔ እኮ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ረታ።»

ረታ የወደቀውን ሜትር አንስቶ መጠቅለል ጀመረ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

በሩ በሦስተኛው ቀን ገባ። ጥሩወርቅ ቤቱ አልቋልና ጠበል ይርጩልን ብላ ቀሲስ ትንሳኤን ጠራች። ቀሲስ ክፍሉን ሁሉ እየዞሩ ረጩ፣ ኩሽናውን ሁለት ጊዜ ረጩት፣ ከዚያ ተቀመጡ። ረታ አንገቱን ደፍቶ ያለውን ነገር ሁሉ ተናዘዘ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ ቀሲስ ሰምተው ሲያበቁ። «ስእለቱን የተሳልከው ለዑራኤል ነው ለይድነቃቸው?»

«ለይድነቃቸው መሰለኝ፣ ቀሲስ።»

«እኔም መስሎኝ ነበር። አይ ልጆቼ! አንተ ቤት አትጨርስ፣ የሱ ልጅ አትመረቅ። አንደኛውን ማስተርስ ሳትጨርስ ሁለተኛ ጀምራለች አሉኝ፣ ከዚያ ደግሞ ዶክትሬት ነው። እኔ እዚህ በሁለታችሁ እልህ ያለ ድምፅ ማጉያ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እጮኻለሁ።» ጢማቸውን ዳበሱ። «በል ንስሐ ግባ፣ ቀኖና ሰጥቼህ እፈታሃለሁ።»

ረታ ፊቱ በራ። ሊነሣና ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ጥሩወርቅ ቀደመችው።

«አይፍቱት፣ ቀሲስ። ይክፈል።»

«ጥሩዬ!»

«በወር አንድ ካሬ። ከቤቱ ወጪ ሳይነካ፣ ዕቁቡ ሳይነካ፣ የልጅቷ ክፍያ ሳይነካ። ሠርቼዋለሁ፣ ያዋጣል።»

«አንድ ካሬ?» አለ ረታ፣ ድምፁ ቀጠነ። «በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ አንድ ካሬ ምንጣፍ? አሥር ዓመት እኮ ነው! ስልሳ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ! ደሞ ይድነቃቸው ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል» አለች።

ቀሲስ ትንሳኤ ሳቃቸውን ለመደበቅ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ይሁን» አሉ።

የፍልሰታ የመጀመሪያው እሑድ ደረሰ። የናይሮቢ ብርድ ገና አልወጣም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሲሚንቶ ላይ በባዶ እግር ሲቆም ቅዝቃዜው እስከ ጉልበት ይዘልቃል። ረታ ምንጣፉን ጎሕ ሳይቀድ ወስዶ ከኋላ በሩ አጠገብ አነጠፈው። በዚያ ሰፊ ወለል ላይ ቀይ፣ አንድ ካሬ። የገባው ሁሉ ያየዋል፣ አይቶ ደግሞ ዙሪያውን ይዞራል። ረታ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ግድግዳው ጥግ ተለጠፈ።

ይድነቃቸው አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ምንጣፉን አየው፣ ረታን አየው። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «ናሙና ነው?» አለው።

«የመጀመሪያው ነው» አለ ረታ። «ከዚህ በላይ አሁን አቅሜ አይችልም።» እንደዚህ ያለ ቃል ለይድነቃቸው ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ይድነቃቸው ሊስቅ ከንፈሩን ከፈተ፣ ከዚያ የድምፅ ማጉያው ነገር ትዝ ብሎት ነው መሰለኝ መልሶ ዘጋው።

ቅዳሴው ሲጋመስ እማማ ታየች ገቡ። በምርኩዝ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው፣ ከኢስትሊ በማታቱ ሚኒባስ ተጋፍተው ነው የሚመጡት። ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። ሲሚንቶውን ሲረግጡ የእግራቸው ጣቶች ተኮማተሩ፣ እያንዳንዷን እርምጃ እየፈሩ መጡ። አንድ እግራቸው ቀዩ ላይ አረፈ። ቆም አሉ። ሌላውንም እግር አመጡና ሁለቱን ጎን ለጎን ሰበሰቧቸው።

«እፎይ» አሉ። «ይሄን ማን አመጣልኝ? እግሩን እንቅፋት አይምታው።»

ረታ ሰማቸው። እኚህ ሴት ሁለት ክረምት ሙሉ በዚያ ብርድ ላይ ቆመዋል፤ እሱ ሁለት ክረምት ሙሉ ታንከር ከግራ ወደ ቀኝ ሲያስኬድ ነበር። ይድነቃቸው ሲያፌዝበት ያልመጣው እንባ አሁን መጣ። ልቡ እንደዚያ ተነክቶ አያውቅም። በነጠላው ሸፍኖ ስልኩን አወጣና በሴቶች በኩል ለቆመችው ለጥሩወርቅ ጻፈላት።

«በሚመጣው ወር ሃያ ካሬ ይሁን። መኪናውን እንሽጠው።»

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ እጁ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ስልክህን ዝጋና ጸልይ። ሁለት ካሬ።»

ረታ ስልኩን ዘጋ።