ዋስ የሆኑት አባት

ሰርካለም ከተመረቀች ወዲህ የመካነ ሰላም ከተማን የማስታወቂያ ሰሌዳ ስታይ ዓይኗ ፈዘዘ። በመጨረሻ አንድ ድርጅት የጽዳት ሠራተኛ ፈለገ፤ የተማረ ጥሎ ይሄዳል በሚል ግን ከስምንተኛ ክፍል በላይ አይቀጥርም። ዲግሪዋን ደብቃ አለፈች። የቀረው ዋስ ነበርና አባቷን ቄስ ወልደሩፋኤልን ይዛ ሄደች። መደበቋን አልነገረቻቸውም፤ መዋሸት አያውቁበትም።

«አባታችን፣ ምን ዓይነት ልጅ ናት?» አላቸው ኃላፊው።

ቄሱ ከቤታቸው ግድግዳ አውርደው በጋቢያቸው የሸፈኑትን ፎቶ አወጡ። ሰርካለም በጥቁር ጋወን ትስቃለች።

«ይኸው፣ ባለ ዲግሪ ናት» አሉ ፊታቸው በርቶ።

ኃላፊው ፎቶውን አየና ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ፣ «ተጠባባቂዋን አመልካች ጥሯት» አለ።

መንገድ ላይ ቄሱ፣ «ከጽዳት የተሻለ ቦታ ሊፈልጉልሽ ነው መሰለኝ» አሏት።

«አዎ፣ አባባ» አለች፤ ፎቶውንም ተቀብላ ያዘችላቸው።