አምስት አምባር፣ ስድስት ዓመት

«ሦስተኛህ ነው» አለች መይሙና፣ የታጠፈውን ብርድ ልብስ ፈትታ እንደገና እያጠፈች። «መጀመሪያ ለሰው ለቅሶ። ቀጥሎ ለሰው መኪና ሞተር። አሁን ደግሞ ለሰው ሠርግ።»

አብዱልሃሚድ የሞተሩ ነገር ያለፈ ታሪክ ነው አለ። እሷም ያለፈ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባልተነሳ ነበር አለችው። ከጠዋት ጀምሮ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ባለችው የብርድ ልብስ ሱቃቸው ውስጥ እንዲህ ሲባባሉ ሁለት ደንበኞች ገብተው ወጥተዋል።

እሑድ ዕለት ዕቁቡ ለአብዱልሃሚድ ወጥቶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የጣለው ለልጁ ለኢልሀም ኮሌጅ ነው። ዕጣው እንደተነበበ ጎረቤቱ ቁልፍ ሻጩ ገብረትንሣኤ ተነሥቶ፣ የልጁ ሠርግ ሁለት ሳምንት እንደቀረው ተናገረና ተቀመጠ። ማንንም ምንም አልለመነም። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው አልነበረም። ዝምታው ሲረዝም አብዱልሃሚድ ሁሉም እሱን የሚያይ መሰለው። «ጋሽ ገብረትንሣኤ ይውሰዱት» አለ። የዕቁቡ አባላት መረቁት። የእሱ ተራ አምስት ወር ወደ ኋላ ሄደ።

ኢልሀም ከባንኮኒው ጀርባ የኮሌጁን ደብዳቤ ይዛ ተቀምጣለች። ነጥቧ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መንግሥት የመደባት ሕክምና አይደለም። ሕክምና የተቀበላት የግል ኮሌጅ ደግሞ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ዛሬ ባንክ ሳይዘጋ ይፈልጋል። ካልተከፈለ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል። ትምህርቱ ስድስት ዓመት ነው። ይህን ሁሉ ለሁለቱም ሦስት ጊዜ አንብባላቸዋለች።

መይሙና ሄዶ ግማሹን እንዲያስመልስ ጠየቀችው። ከአፍ የወጣ ነገር አይመለስም አላት። እንግዲያው ብርድ ልብሱን ሽጥ ብትለው ብርዱ ገና አልጠናም አለ። ከዚያ ሳያስበው ዓይኑ እጇ ላይ ዐረፈ። ኢልሀም ከተወለደች ጀምሮ ለልጅቷ ሠርግ ብላ አንድ በአንድ የገዛቻቸው አምስት የወርቅ አምባሮች አሉ። መይሙና እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች።

በመጨረሻ ግማሹን በብድር ሊጠይቅ ተስማማ። የገብረትንሣኤ ሱቅ ዝግ ነበር፤ ለሙሽራዋ ወርቅ ሊገዛ ፒያሳ ወጥቷል ተባሉ። ሦስቱም ዳገቱን በእግር ወጡ።

ገብረትንሣኤን ያገኙት ኤዶም የምትባል ሴት ወርቅ ቤት ውስጥ፣ ጥቁር ፌስታል ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው። ተነሥቶ ወንበሩን ለመይሙና ለቀቀ። ለኤዶምም «የልጄን ሠርግ የደገሰው ይህ ሰው ነው» አላት። ማኪያቶ ታዘዘ።

አብዱልሃሚድ ቀኑ ቀዝቀዝ ማለቱን አነሣ። ገብረትንሣኤ ተስማማ። ስለ ኢልሀም ሲጠይቀው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሐኪም ልትሆን ኮሌጅ መግባቷ ነው አለው። ገብረትንሣኤ ልጅቷን መረቃት፤ የጉልበቱንም ሕመም በዝርዝር ነገራት። መይሙና ባሏን አየችው። ባሏ ስኳር ያልጨመረበትን ማኪያቶ ያማስላል።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል ይላል።

የገብረትንሣኤ ችግር ሌላ ነበር። የሙሽራዋ ቤተሰቦች የጠየቁት እንደ ዱሮው ድፍን አምባር ነው። ኤዶም ዘንድ ያሉት ቀጫጭን ናቸው፤ ድፍኑን ለማሠራት ደግሞ ሦስት ሳምንት ያስፈልጋል። ይህን ሁለት ጊዜ ተናገረና ዝም አለ። ልክ እንደ እሑዱ ነው። አብዱልሃሚድ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ።

መይሙና እጅጌዋን ሰበሰበች። አንዱን ድፍን አምባር በሳሙና የታጠበ ያህል በቀላሉ አወለቀችና የባንኮኒው መስተዋት ላይ አኖረችው።

«መዝኚው» አለች።

ኢልሀም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ «የኔ አልነበር እንዴ?» አለቻት።

«ያንቺ ነው። ለዚያ ነው የምሸጠው።»

ኤዶም መዘነች፤ የዕለቱን ዋጋ ነገረቻቸው። ገብረትንሣኤ ስለ ጉርብትና ትንሽ እንድትቀንስለት ጠየቃት። መይሙና ጉርብትናውን ባለቤቴ እሑድ ከፍሎታል አለችው። ገብረትንሣኤ ወደ አብዱልሃሚድ ዞሮ «አንተ ደግ ሰው ነህ፤ ነጋዴዋ ግን እሷ ናት» አለና ፌስታሉን ፈታ። የብሩ እስሮች የዕቁቡ ዳኛ ሁልጊዜ በሚያስርበት አረንጓዴ የጫማ ክር እንደታሰሩ ነበሩ። አብዱልሃሚድ ክሩን አወቀው። ማኪያቶውን ጠጣ።

ገንዘቡ ክፍያውን ሞላ፤ ለመጽሐፍ የሚሆንም ተረፈ። ኢልሀም ቆጥራ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«አራት አምባር ቀረሽ» አለ አብዱልሃሚድ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አምስት ዓመት ቀረ። አንዱን ዓመት ዕቁቡ ይሸፍናል።»

«ካልለቀቅኸው» አለች።

ያን ጊዜ ገብረትንሣኤ የማኪያቶውን ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አብዱልሃሚድ አይሆንም ብሎ ተነሣ። ገብረትንሣኤ በወርቄ ቀን አንተ አትከፍልም አለ፤ አብዱልሃሚድ ወላሂ አይከፍሉም አለ። ኤዶም ሚዛኑን በጨርቅ ወለወለች። መይሙናና ኢልሀም በሩን ገፍተው ወጡና ወደ ባንኩ፣ የቸርችልን ቁልቁለት ተያያዙት። አብዱልሃሚድ የገብረትንሣኤን እጅ ከነኪሱ አጥብቆ ይዞ ነበር።